ቻርልስ ሃይደልበርገር፤ መድኃኒቱና የመድኃኒቱ ፈተና

ሐኪም በየዕለቱ የሚያዘውን መድኃኒት ስም አጥርቶ ያውቃል፤ መድኃኒቱን አስቦ ያስገኘውን ሰው የሚያውቀው ግን ከስንት አንዱ ነው። የማኅበራችን ዓመታዊ መጽሔት አዘጋጆች በሙያችን ታሪክ ላይ አንድ ጽሑፍ እንዳቀርብ በጠየቁኝ ጊዜ በቅድሚያ ወደ አሳቤ የመጣው የፍሎሮዩራሲልና የፈጣሪው የፕሮፌሰር ቻርልስ ሃይደልበርገር ታሪክ ነው። ይህ መድኃኒት ከስድሳ ዓመት በላይ የትልቁ አንጀት ካንሰር ሕክምና ዋና ምሰሶ ሆኖ የኖረ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውል አሳስባለሁ።

ጉዳዩ ለእኛ ምን ያህል ቅርብ እንደ ሆነ ለማስረዳት ከሞጣ ልነሣ። በሁለት እጁ እነሴ ገጠር የሚኖር አንድ የአርባ ዓመት ገበሬ አለ እንበል። ሰገራው ደም መቀላቀል ከጀመረ ወራት አልፈዋል። ነገሩ የሚታፈርበት በመሆኑ ለቤተ ሰቡ እንኳ ሳይናገር ቆየ፤ በኋላም ኪንታሮት ነው ተብሎ በባህል መድኃኒት፣ ቀጥሎም አሜባ ነው ተብሎ በክኒን ሲታከም ከረመ። ከስቶና ሆዱ ተነፍቶ ሞጣ ሆስፒታል ሲደርስ በሽታው ሥር ሰዷል። በአዴት መንገድ ወደ ባሕር ዳር ይላካል፤ ዕጢው በቀዶ ጥገና ይወጣል፤ ቁራጩ በማይክሮስኮፕ ይመረመራል፤ ከዚያም ፍሎሮዩራሲል ያለበት ሕክምና ይታዘዝለታል። በዚያው ሳምንት ከቢቸና የመጣ፣ በዕድሜም በበሽታው ደረጃም ከእርሱ ጋር የሚተካከል ሌላ በሽተኛ ያንኑ መድኃኒት በዚያው መጠን ይወስዳል። ከሁለት ዓመት በኋላ አንደኛው ከእርሻው ላይ ነው፤ የሁለተኛው ካንሰር ግን ተመልሶ በጉበቱ ላይ ታይቷል። መድኃኒቱ አንድ ሆኖ ሳለ ውጤቱ ስለ ምን ተለያየ? የሃይደልበርገር የሕይወት ታሪክ፣ ከእርሳቸው በኋላ የመጣውም ምርምር፣ ከዚህ ጥያቄ ጋር የተሳሰረ ነው።

ትውልድና ትምህርት

ቻርልስ ሃይደልበርገር ዲሴምበር 23 ቀን 1920 በኒው ዮርክ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ማይክል ሃይደልበርገር ሰውነት በሽታን የሚከላከልበትን መንገድ በኬሚስትሪ ሚዛን በመመርመር ስማቸው የገነነ ሊቅ ነበሩ። አባትዬው በወጣትነታቸው በሮክፌለር የምርምር ተቋም ከዋልተር ጄከብስ ጋር ሆነው ትሪፓርሳማይድ የተባለውን የአርሴኒክ መድኃኒት ሠርተዋል። ይህም መድኃኒት ቻርልስ በተወለዱበት በ1920 ዓመት ሉዊዝ ፒርስ በተባሉት ሐኪም እጅ ወደ ቤልጅግ ኮንጎ ተወስዶ በእንቅልፍ በሽታ ሲማቅቁ ለነበሩ አፍሪካውያን ተሰጠ፤ ብዙ ሕይወትም አዳነ። ይሁን እንጂ ዓመታት ሲያልፉ መድኃኒቱ የማይበግራቸው ትሪፓኖሶሞች በየቦታው ተገኙ። ተሕዋስያን መድኃኒትን ሊቋቋሙ እንደሚችሉ ፓውል ኤርሊክ ገና በ1907 በዚሁ የተሕዋስያን ወገን ላይ አሳይተው ነበር። እንግዲህ ልጅዬው ያደጉት መድኃኒት እንደሚፈጠር ብቻ ሳይሆን እንደሚሸነፍም በሚታወቅበት ቤት ነው ለማለት ይቻላል።

ቻርልስ በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ተምረው በ1942 የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን፣ በ1946 ደግሞ በሉዊስ ፊዘር መሪነት በኦርጋኒክ ኬሚስትሪ የዶክቶሬት ዲግሪያቸውን አገኙ። ከዚያም ወደ ካሊፎርኒያ፣ ወደ በርክሌይ ሄደው በሜልቪን ካልቪን ቤተ ሙከራ የጨረር ምልክት ባለው ካርቦን መሥራትን ተማሩ። አንድን ንጥረ ነገር እንዲህ ባለ ካርቦን ምልክት አድርጎ በሕያው አካል ውስጥ ወዴት እንደሚሄድና ምን እንደሚሆን እግር በእግር መከታተል በዚያን ጊዜ አዲስ ጥበብ ነበር። በ1948 በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ፣ በማዲሰን ከተማ ወደሚገኘው የማክአርድል የካንሰር ምርምር ቤተ ሙከራ ተቀጥረው ገቡ፤ በዚያም ሃያ ስምንት ዓመት ሠሩ።

የመድኃኒቱ አፈጣጠር

በዚያ ዘመን የካንሰር መድኃኒት ፍለጋ በአብዛኛው በሙከራና በአጋጣሚ ላይ የተመሠረተ ነበር። ናይትሮጅን ማስታርድ የተገኘው ከጦርነት መርዝ ጋዝ ጥናት ነው። ሌሎቹም በሺህ የሚቆጠሩ ቅመሞች አንድ በአንድ ዕጢ ባለባቸው አይጦች ላይ እየተሞከሩ የሚለዩ ነበሩ። የሃይደልበርገር መንገድ ግን ከዚህ የተለየ ሆነ። በ1954 በፊላደልፊያ የሚሠሩ ተመራማሪዎች በአይጥ ጉበት ላይ የበቀለ ካንሰር ዩራሲል የተባለውን የኑክሊክ አሲድ ክፍል ከጤናማው ጉበት ይልቅ አብልጦ እንደሚጠቀም ገለጡ። ብዙዎች ይህን አንብበው አለፉ፤ ሃይደልበርገር ግን ካንሰሩ አጥብቆ የሚሻውን ምግብ መርዞ መስጠት እንደሚቻል አሰቡ።

መርዙ ምን ይሁን ለሚለው ጥያቄ መልሱን ከሌላ አቅጣጫ አገኙት። በደቡብ አፍሪካ ከብቶችን የሚገድል አንድ ተክል ፍሎሮአሴቴት የተባለ መርዝ እንዳለው ከ1944 ጀምሮ ታውቆ ነበር። ይህ መርዝ ከተራው አሴቴት የሚለየው በአንድ የሃይድሮጅን አቶም ፈንታ የፍሎሪን አቶም በመያዙ ብቻ ነው። ፍሎሪን በመጠኑ ከሃይድሮጅን ብዙ ስለማይበልጥ ሕዋሱ ልዩነቱን ሳያውቅ ይቀበለዋል፤ ከተቀበለው በኋላ ግን ሥራው ይሰናከላል። ሃይደልበርገርም በዩራሲል አምስተኛ ካርቦን ላይ ያለው ሃይድሮጅን ወጥቶ በቦታው ፍሎሪን ቢተካ ካንሰሩን የሚያታልል ቅመም እንደሚገኝ ገመቱ። ቅመሙን በሆፍማን ላ ሮሽ ኩባንያ የሚሠሩት ኬሚስት ሮበርት ዱሺንስኪና ባልደረቦቻቸው ሠሩት፤ በአይጦች ላይ የነበረው ውጤትም መጋቢት ወር 1957 ኔቸር በተባለው መጽሔት ታተመ። ቅመሙ አስቀድሞ በአሳብ የተነደፈ፣ ቀጥሎ የተሠራ፣ በመጨረሻም እንደ ታሰበው ሆኖ የተገኘ ነው። ይህን የመሰለ ነገር በካንሰር ሕክምና ታሪክ ውስጥ እስከዚያን ጊዜ እምብዛም አልታየም ነበር።

ከዚህ በኋላ በዚያው በማዲሰን አንቶኒ ኩሬሪና ፍሬድ አንስፊልድ የተባሉት ሐኪሞች መድኃኒቱን ለበሽተኞች መስጠት ጀመሩ። የመጀመሪያዎቹ ታካሚዎች ከሌላ ሕክምና ተስፋ የቆረጡ ነበሩ። አፋቸው ቆሰለ፤ ተቅማጥ አዳከማቸው፤ የነጭ ደም ሕዋሳቸው ወረደ። መጠኑን ማስተካከልም ከባድ ዋጋ ያስከፈለ ትምህርት ሆነ። ሆኖም በአንዳንዶቹ ላይ ማንኛውም መድኃኒት ነክቶት የማያውቀው የትልቁ አንጀት ካንሰር ሲቀንስ ታየ። በ1962 መድኃኒቱ በአሜሪካ ለሕክምና ተፈቀደ።

ከዚያው የምርምር ቤት የወጡ ሌሎች ሁለት ቅመሞችም መጠቀስ ይገባቸዋል። አንደኛው ፍሉሳይቶሲን ነው። በካንሰር ላይ ባይረባም ፈንገስን እንደሚገድል ታውቆ ዛሬ የኤድስ ሕሙማንን የሚያጠቃውን የክሪፕቶኮከስ ማጅራት ገትር ለማከም ያገለግላል፤ ፈንገሱን የሚገድለውም በውስጡ ወደ ፍሎሮዩራሲል ተለውጦ ነው። ሁለተኛው በ1960ዎቹ መጀመሪያ የተሠራው ትራይፍሉሪዲን ሲሆን፣ በደም ውስጥ ፈጥኖ ስለሚፈርስ ለካንሰር ሳይሆን በሄርፒስ ለቆሰለ ዓይን ጠብታ ሆኖ ቀረ። የዚህን ፍጻሜ በኋላ እንመለስበታለን።

መድኃኒቱ ሲሸነፍ

ፍሎሮዩራሲል እንዴት እንደሚሠራና ስለ ምን እንደሚሸነፍ በአንድ ምሳሌ ማስረዳት ይቻላል። ሕዋስ ለመባዛት ዲኤንኤ መሥራት አለበት፤ ለዲኤንኤ የሚያስፈልገውን ቲሚዲን የሚያዘጋጅለት ቲሚዲሌት ሲንቴዝ የተባለ ኤንዛይም ነው። ይህን ኤንዛይም እንደ ወፍጮ እንቁጠረው። ፍሎሮዩራሲል በሕዋሱ ውስጥ ተለውጦ እህል መስሎ ወደ ወፍጮው ይገባል፤ ነገር ግን ጠጠር ነውና በድንጋዮቹ መካከል ተቀርቅሮ ወፍጮውን ያቆመዋል። ወፍጮው ሲቆም ዱቄት የለም፤ ዱቄት ከሌለ ሕዋሱ ይሞታል። ፎሊኒክ አሲድ የተባለው ቫይታሚን ከመድኃኒቱ ጋር አብሮ የሚሰጠውም ጠጠሩን በወፍጮው ውስጥ አጥብቆ እንዲይዝ ስለሚያደርግ ነው።

አሁን በአንድ ቤት አንድ ወፍጮ፣ በሌላው ቤት ደግሞ አሥር ወፍጮ አለ እንበል። በመጀመሪያው ቤት ጥቂት ጠጠር ይበቃል፤ በሁለተኛው ግን አንዳንዶቹ ቢቆሙም የቀሩት ይፈጫሉ። ቲሚዲሌት ሲንቴዝን በብዛት የሚሠራ ካንሰር ለመድኃኒቱ የማይበገረው በዚህ ምክንያት ነው። ሌሎች መሰናክሎችም አሉ። አንዳንዱ ካንሰር መድኃኒቱን ወደሚሠራው መልክ አይለውጠውም። ሌላው ደግሞ በዋናነት በጉበት የሚገኘውን፣ መድኃኒቱን የሚያፈርሰውን ኤንዛይም በራሱ ውስጥ ያበዛል። ሃይደልበርገር ይህን ጉዳይ ለሌሎች አልተዉትም። በ1960 መድኃኒታቸውን የሚቋቋሙ የካንሰር ሕዋሳትን በቤተ ሙከራቸው ይመረምሩ ነበር። በ1970ዎቹ መጀመሪያም ከወጣት ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው መድኃኒቱ ኤንዛይሙን እንዴት ጨብጦ እንደሚይዝ አጥንተዋል። የገዛ ፈጠራውን ጉድለት ራሱ የሚመረምር ሰው ብዙ አይደለም።

በዚህ ላይ ስለ ትልቁ አንጀት አንድ ነገር መጨመር ያስፈልጋል። በ1976 ጁሊያኖና ሊንግ የተባሉ ተመራማሪዎች አንዳንድ ሕዋሳት በቆዳቸው ላይ መድኃኒትን ወደ ውጭ የሚገፋ ፕሮቲን እንዳላቸው አሳወቁ። የትልቁ አንጀት ሽፋን ይህን ፕሮቲን በተፈጥሮው በብዛት የያዘ መሆኑ በኋላ ታወቀ። ከአንጀት የሚነሣው ካንሰር እንደ ቪንክሪስቲንና ዶክሶሩቢሲን ላሉ መድኃኒቶች ደንታ የማይሰጠው ከሌሎች ምክንያቶች ጋር በዚህ የተነሣ ነው። ፍሎሮዩራሲል ግን በዚህ በር ገፍተው ከሚያስወጧቸው መድኃኒቶች ወገን ስላልሆነ ሌሎቹ ባልቻሉበት ስፍራ ሊገባ ቻለ።

የጂኑ መጠንና የታካሚው ዕድሜ

ሃይደልበርገር በ1976 ማዲሰንን ለቀው ወደ ሎስ አንጀለስ፣ ወደ ደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የካንሰር ማእከል ተዛወሩ። በ1978 የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ አባል ሆነው ተመረጡ። ሙሉ ዕድሜያቸውን የታገሉት በሽታ ግን ራሳቸውን አገኛቸው፤ ጃንዋሪ 18 ቀን 1983 በስድሳ ሁለት ዓመታቸው በካንሰር ዐረፉ። አባታቸው ያን ጊዜ የዘጠና አራት ዓመት አዛውንት ነበሩ፤ ልጃቸውን ቀብረው እስከ 1991፣ እስከ መቶ ሦስት ዓመታቸው ኖሩ።

ሥራው ግን በዚያው በሎስ አንጀለስ ቀጠለ። አንድ ዕጢ ቲሚዲሌት ሲንቴዝን ምን ያህል እንደሚሠራ ለማወቅ ኤንዛይሙ የሚሠራበትን ጂን ወይም በራሂ መልእክት መለካት ያስፈልጋል። ይህን መልእክት የሚያደርሰው አርኤንኤ ነው፤ ለመለካትም መጀመሪያ ወደ ዲኤንኤ መገልበጥ፣ ቀጥሎም ማባዛት ይገባል። የመገልበጫውን ኤንዛይም በ1970 ያገኙት በማክአርድል ቤተ ሙከራ የሃይደልበርገር ባልደረባ የነበሩት ሃዋርድ ቴሚን ናቸው፤ ስለዚህም በ1975 ከሌሎች ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። የማባዣውን ዘዴ ካሪ ሙሊስ ያሰቡት ደግሞ ሃይደልበርገር በሞቱበት በ1983 ነው። ሁለቱ ጥበቦች ተጣምረው ከትንሽ የዕጢ ቁራጭ የአንድን ጂን መገለጥ መለካት ሲቻል፣ በ1990ዎቹ የሃይደልበርገር ደቀ መዝሙር የነበሩት ፒተር ዳነንበርግና ባልደረቦቻቸው የትልቁ አንጀት ካንሰር የተሠራጨባቸውን ሕሙማን ዕጢ መረመሩ። ይህ ጂን ዝቅ ብሎ የተገለጠባቸው በፍሎሮዩራሲል ዕጢያቸው ሲቀንስና ረዘም ላለ ጊዜ በሕይወት ሲቆዩ፣ ጂኑ በብዛት የተገለጠባቸው ግን ከመድኃኒቱ ብዙም ሳይጠቀሙ ቀሩ። የወፍጮው ምሳሌ በሰው ላይ እውነት ሆኖ ተገኘ።

ይሁንና እዚህ ላይ ፈጥኖ መደምደም አይገባም። ከቀዶ ጥገና በኋላ ማገገሚያ ሕክምና በተሰጣቸው ሕሙማን ላይ የተደረጉ ጥናቶች እርስ በርሳቸው አልተስማሙም። በ1994 በፊንጢጣ ካንሰር ላይ የወጣ አንድ ጥናት ኤንዛይሙ የበዛባቸው በጠቅላላው ቶሎ እንደሚሞቱ፣ ነገር ግን ከመድኃኒቱ ይበልጥ የሚጠቀሙት እነርሱው እንደ ሆኑ አሳየ። ከዚህም በላይ በአንጀት ላይ ያለው ዕጢና ወደ ጉበት የተዛመተው ቅርንጫፉ ጂኑን በእኩል መጠን ላይገልጡ ይችላሉ። መድኃኒቱ ራሱ ሲሰጥም ሕዋሱ ኤንዛይሙን ያበዛል፤ ዛሬ የተለካው ነገ ያው አይሆንም ማለት ነው። ስለዚህ ይህ ልኬት ብቻውን የበሽተኛን ሕክምና የሚወስን የዘወትር ምርመራ ለመሆን አልበቃም። በሥራ ላይ የዋሉት ሌሎች ናቸው፤ ለምሳሌ መድኃኒቱን የሚያፈርሰው ኤንዛይም በተፈጥሮ የጎደለባቸው ሰዎች በመደበኛው መጠን ሊሞቱ ስለሚችሉ ይህን አስቀድሞ መመርመር በአንዳንድ አገሮች የተለመደ ሆኗል።

ከጂኑ ጥናት ጎን ለጎን ቀላል የሚመስሉ ሥራዎችም ብዙ ሕይወት አትርፈዋል። በ1990 ፍሎሮዩራሲል ሌቫሚሶል ከተባለው፣ እኛ ለወስፋት ከምናውቀው መድኃኒት ጋር ተደርጎ ካንሰራቸው ወደ ንፍፊት ለደረሰ ሕሙማን ከቀዶ ጥገና በኋላ ቢሰጥ የሞትን አደጋ በ33 በመቶ እንደሚቀንስ ተገለጠ። ከዚያ ወዲህ የሌቫሚሶልን ቦታ ፎሊኒክ አሲድ ወሰደው። ያ የዓይን ጠብታ ሆኖ የቀረው ትራይፍሉሪዲንም ቢሆን እንዳይፈርስ ከሚጠብቀው ሌላ ቅመም ጋር በጃፓን ተዋሕዶ በ2014 እዚያው፣ በ2015 በአሜሪካ ተፈቀደ፤ የተፈቀደውም ፍሎሮዩራሲል ለተሸነፈላቸው የትልቁ አንጀት ካንሰር ሕሙማን ነው። ፈጣሪያቸው ከሞቱ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ሁለተኛው ሥራቸው የመጀመሪያውን ሊረዳ መጣ።

ለእኛ የተረፈው

ወደ ሞጣና ወደ ቢቸና ሕሙማን እንመለስ። የትልቁ አንጀት ካንሰር በአፍሪካ ብርቅ ነው፣ ገለባ ያለበት ምግብ ይከላከለዋል የሚለው የዴኒስ በርኪት ትምህርት በ1970ዎቹ በሰፊው ተሰምቶ ነበር። ዛሬ ግን በሽታው በአገራችን ወንዶች ላይ ከሚታዩት ካንሰሮች በግንባር ቀደምትነት ከሚጠቀሱት አንዱ ነው፤ ከሕሙማኑ ብዙዎቹ ወጣቶች ናቸው፤ የሚመጡትም በሽታው ከተራመደ በኋላ ነው። በዚህ ሁኔታ ሁለቱን ገበሬዎች የለያቸው የጂን መጠን ነው ብሎ መናገር ድፍረት ይሆናል። ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን አንደኛው በሽታውን የሸሸገበት ወራት፣ በመንገድ ላይ የጠፋው ቀን፣ የመድኃኒት ዙር የተቋረጠበት ሳምንት፣ በቀዶ ጥገናው የታዩት ንፍፊቶች ቁጥር ሁሉ ከጂኑ በፊት የሚጠየቁ ናቸው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚለው የአባቶቻችን አነጋገር ከየትኛውም ጂን አስቀድሞ ይሠራል።

ስለሆነም ለሙያ ባልደረቦቼ ሁለት ነገር አሳስባለሁ። የመጀመሪያው፣ ሰገራው ደም የተቀላቀለበትን ሰው ኪንታሮት ወይም አሜባ ነው ብለን ከመሸኘታችን በፊት ፊንጢጣውን በጣት እንመርምር። ይህ ምርመራ ጓንትና ጥቂት ደቂቃ እንጂ ሌላ ወጪ የለውም፤ በጣት ሊደረስበት የሚችል ካንሰር ሳይነካ ወራት ማለፉ ግን ከማናቸውም መድኃኒት መቋቋም የባሰ ነው። ሁለተኛው፣ የታከመውን በሽተኛ እንከታተል፤ እንመዝግብም። በ2011 የተጀመረው የአዲስ አበባ የካንሰር መዝገብ የሚይዘው የከተማዪቱን ነዋሪዎች ነው፤ የሁለት እጁ እነሴው ገበሬ በዚያ አይቆጠርም። ስንት ዓመት እንደ ኖረ የማይታወቅ በሽተኛ ዕጢው ውስጥ ያለው ጂን ቢለካ እንኳ ምንም አያስተምረንም።

ቻርልስ ሃይደልበርገር መድኃኒት ስለ ምን እንደሚሠራ አስቀድመው ጠይቀው መድኃኒት አገኙ፤ ሲሸነፍም ስለ ምን እንደ ተሸነፈ ጠየቁ፤ ደቀ መዛሙርታቸውም ያንኑ ጥያቄ ወርሰው ቀጠሉበት። ከእርሳቸው የምንወርሰው ብልቃጡን ብቻ ሳይሆን ይህን የመጠየቅ ልማድ ነው። በሞጣ ሆስፒታል የተመላላሽ ሕክምና ክፍል ለተቀመጠ ሐኪምም ጥያቄው አንድ ነው፤ ይህ ሰው ስለ ምን ይደማል?